የፓይን ዛፍ የፈንገስ በሽታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግቢ፣ በመናፈሻና በመንገድ ዳር ለጥላና ለውበት የተተከሉ ፓይኖች መድረቅና መርገፍ ሲጀምሩ በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ፓይን የምትሉት የትኛውን ዛፍ ነው? የእኔ ጥድ ነው፤ ለእሱም ይሠራል?

«ጥድ» የሚለው ስም ለብዙ ዛፍ ስለሚነገር መለየቱ ይጠቅማል። ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ቀንበጡ ላይ የተለጠፈው የሐበሻ ጥድም ሆነ የፈረንጅ ጥድ ፓይን አይደሉም። የራሳቸው በሽታ ስላላቸው ከዚህ በታች የተጻፈው የርጭት ጊዜ አይመለከታቸውም። የፓይን ቅጠል ረጅም መርፌ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት መርፌ በአንድ ላይ ሆኖ ከሥሩ በስስ ሰገባ ታስሮ ይበቅላል።

አንድ እስር ነቅለው ስንት መርፌ እንዳለው ይቁጠሩ። ጫፍ የሚያደርቀው ዲፕሎዲያ የተባለ ፈንገስ በዋናነት የሚያጠቃው ሁለትና ሦስት መርፌ ያላቸውን ነው፤ ቅርፊት ላይ ብርቱካናማ ፊኛ የሚያወጣው ዝገት የተባለ የፈንገስ በሽታ ደግሞ የአምስት መርፌዎቹ ጠላት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግማሹን ጥርጣሬ ያወጣልዎታል።

ውስጥ ውስጡ ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ እየረገፈ ነው። ታሟል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልታመመም። ፓይን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ እያንዳንዱ መርፌ ዕድሜ አለው፤ እንደ ዝርያው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራትና አምስት ዓመት ቆይቶ ይወድቃል። የተፈጥሮው መርገፍ ወጥነት አለው፦ ወደ ግንዱ የተጠጋው አሮጌ ቅጠል ብቻ፣ በሁሉም ቅርንጫፍ ላይ፣ በአንድ ሰሞን ቢጫ ይሆናል። ጫፍ ላይ ያለው የዘንድሮ ቅጠል ግን ምንም አይሆንም። ሊያሳስብ የሚገባው የዘንድሮው ሲደርቅና አሮጌው አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር፣ ወይም ታችኛው ቅርንጫፍ ተራቁቶ ላይኛው ሲለመልም ነው።

ፈንገስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የታመመው የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና ቅጠል? ከዛፉ የትኛው ክፍል ነው? በየትኛው ወቅት ነው የጀመረው? ፈንገስ እርጥበት ስለሚወድ ብዙውን ጊዜ ከታችና ከውስጥ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱን ቅርንጫፍ ይዞ አጠገቡ ያለውን ሊተው ይችላል። ድርቅ ሲሆን የመርፌዎቹ ጫፍ በሙሉ በአንድነት ይጠወልጋል። በመንገድ ወይም በማሳ በኩል ያለው ጎን ብቻ ከነደደ ጨው ወይም የአረም መድኃኒት ይጠርጥሩ። ቀንበጡን ሰንጥቀው ውስጡ ባዶ ቢሆንና የተፈጨ እንጨት ቢያገኙ ሥራው የትል ነው። ቅርንጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፈው የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካዩ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ማይት የተባሉ ሸረሪት መሳይ ተባዮች ናቸው።

ከዚያ ወደ መርፌው ይጠጉ። አንድ የደረቀ እስር ነቅለው ሰገባውን በጥፍርዎ ይላጡት፤ ብርሃን ላይ ይዘው በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ከመርፌው ሥር በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉና በጣትዎ ሲዳብሷቸው ከሻከሩ የፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም ዘሩ፣ የሚመረትባቸው ከረጢቶች ናቸው። ነጥብ ካልታየ የታመመውን ቀንበጥ ከእርጥብ ወረቀት ጋር በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ያቆዩት፤ እርጥበቱ ያወጣቸዋል። ወደ ላቦራቶሪ የሚልኩ ከሆነ ሙሉ በሙሉ የደረቀውን አይላኩ። ግማሹ የሞተ ግማሹ የለመለመውን በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ይላኩ፤ በሽታ አምጪው የሚገኘው ድንበሩ ላይ ነው።

አዲሱ ቀንበጥ ብቻ እየደረቀ ነው። ምን ይሆን?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲፕሎዲያ ነው። ለጋው ቀንበጥ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ጊዜ ዝናብ ስፖሩን ከአሮጌ ፍሬና ከደረቀ ቅርንጫፍ አንስቶ ይረጭበታል። የተያዘው ቀንበጥ ዕድገቱ ይገታል፤ መርፌዎቹ ከሰገባቸው ብቅ እንዳሉ አጥረው ይቀሩና የገለባ መልክ ይይዛሉ፤ ጫፉ ይጎብጣል፤ የሙጫ ጠብታም ይንጠለጠልበታል። የአምናው ቅጠል ከሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

ብዙ ሰው «ይህን ያህል ዓመት ጤነኛ ነበር፣ አሁን ምን ነካው?» ይላል። ምክንያቱ ፍሬው ነው። የፈንገሱ ዋና መራቢያ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘው የፓይን ፍሬ ቅርፊት ስለሆነ ዛፉ አድጎ በብዛት ማፍራት ሲጀምር የስፖሩም ክምችት አብሮ ይበዛል። ለዚህ ነው ወጣቱ ዛፍ ንጹሕ ሆኖ የሠላሳ ዓመቱ የሚነድደው።

ሌላው ተንኮሉ መደበቁ ነው። ፈንገሱ ጤነኛ በሚመስል ቀንበጥ ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ሊኖር ይችላል። ድርቅ፣ የሥር መቆረጥ ወይም በረዶ ሲመታው ግን ይነሳል። ከበረዶ ዝናብ በኋላ በሳምንታት ውስጥ በአንድ ወገን ብዙ ቀንበጥ ከደረቀ በረዶው የፈነከተው ቅርፊት በር ከፍቶለታል ማለት ነው።

መርፌው ላይ ቀይ ቀለበት ወይም ነጠብጣብ አለ። ጫፉ ደርቋል፣ ሥሩ ግን አረንጓዴ ነው።

ቀለበቱ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነና ከቀለበቱ በላይ ያለው የመርፌ ክፍል ብቻ ከሞተ ዶቲስትሮማ የተባለው ፈንገስ ነው። ከታችኛው ቅርንጫፍ ይጀምርና በሁለት ሦስት እርጥብ ዓመት ዛፉን አራቁቶ ጫፍ ላይ ብቻ ጭራ የመሰለ ቅጠል ያስቀራል። ራዲያታ የተባለው ፓይን በተለይ በልጅነቱ ክፉኛ ይጠቃል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የራዲያታ ተከላ የተተወው በዚሁ በሽታ ነው፤ ኒው ዚላንድ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደኖቿን በአውሮፕላን መዳብ እየረጨች ትከላከለዋለች።

ቡናማው ነጥብ ዙሪያውን ቢጫ ከሆነ «ቡናማ ነጥብ» የሚባለው ሌላ ፈንገስ ነው። በአምናው ቅጠል ላይ ሞላላ፣ መሃሉ በቀጭን መስመር የተሰነጠቀ ጥቁር እባጭ ከታየ ደግሞ ሎፎደርሚየም ነው። መልካቸው ይቀራረባል፤ የሚረጩበት ጊዜ ግን በጣም ይለያያል። ልየታው ላይ የምንጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

የደረቀው ቅጠል ተመልሶ ይለመልማል?

አይለመልምም። ቡናማ የሆነ መርፌ ሞቷል፤ የትኛውም መድኃኒት አረንጓዴ አያደርገውም። ፓይን እንደ ብዙ ዛፍ ከተራቆተ አሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቀንበጥ አያወጣም፤ ጫፉ የሞተ ቅርንጫፍ በዚያው ይቀራል። የሕክምናው ውጤት የሚለካው በሚቀጥለው የዕድገት ወቅት በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው።

የትኛውን መድኃኒት፣ መቼ ልርጭ?

ከመድኃኒቱ ስም በፊት ጊዜው ይምጣ። አብዛኛው ፀረ-ፈንገስ ቅጠሉን ሸፍኖ የሚያርፍበትን ስፖር የሚገድል አጥር ነው፤ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ቀንበጡ ከደረቀ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። አጥሩ መቆም ያለበት ስፖሩ በሚበርበትና ቅጠሉ ሊያዝ በሚችልበት ሰሞን ስለሆነ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የዛፉን ዕድገት ይከተሉ።

ለዲፕሎዲያ የመጀመሪያው ርጭት እምቡጡ አብጦ መርዘም ሲጀምር፣ መርፌዎቹ ከሰገባቸው ሳይወጡ ነው። ከዚያ ከ10 እስከ 14 ቀን እየቆዩ አንድ ወይም፣ ዝናቡ ከቀጠለ፣ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። ለዶቲስትሮማ የመጀመሪያው አዲሱ ዕድገት ከመውጣቱ ጋር አሮጌውን ቅጠል ለመከለል፣ ሁለተኛው ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ቅጠል አድጎ ሊያልቅ ሲል ነው። ለቡናማ ነጥብ አዲሱ መርፌ የመጨረሻ ርዝመቱን ግማሽ ሲደርስና ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ይረጩ። ሎፎደርሚየም ከሁሉ የተለየ ነው፤ ስፖሩን የሚለቀው በጋው ሲያልቅ ጀምሮ ብርዱ እስኪገባ ባለው ጊዜ ስለሆነ ዛፉ ማደጉን ከጨረሰ በኋላ ይረጫል። እምቡጥ ሲያብጥ የረጨ ሰው ለሎፎደርሚየም ምንም አላደረገም።

ለዶቲስትሮማና ለቡናማ ነጥብ መዳብ ያለባቸው፣ ማለትም ኮፐር ሃይድሮክሳይድ፣ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ወይም ቦርዶ፣ በደንብ ይሠራሉ። ለዲፕሎዲያ ቲዮፋኔት ሜቲል ወይም ፕሮፒኮናዞል ይመረጣል፤ ለሎፎደርሚየም ክሎሮታሎኒል ወይም ማንኮዜብ። የሚፈቀደው ከአገር አገር ስለሚለያይ ዕቃው ላይ ለጌጥ ዛፍ መፈቀዱን ያንብቡ፤ መጠኑንም ከዚያው ይውሰዱ። ቲዮፋኔት ሜቲልንና ፕሮፒኮናዞልን ያፈራርቁ፤ አንዱን ብቻ ዓመት ከዓመት መደጋገም ፈንገሱን ያለማምደዋል።

ቦርዶ ራሴ ማዘጋጀት እችላለሁ?

ይችላሉ። ለ10 ሊትር የአንድ ከመቶ ድብልቅ 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ ማለትም ሰማያዊው ክሪስታል፣ እና 100 ግራም የበረደ የኖራ ዱቄት ያስፈልጋል። ኮፐር ሰልፌት ብረት ስለሚበላ የፕላስቲክ ባልዲ ብቻ ይጠቀሙ። ሰማያዊውን በ5 ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ ጠጣር ስለሆነ በጨርቅ ቋጥረው ውሃው አፍ ላይ አንጠልጥለው ቢያሳድሩት ይቀላል። ኖራውን በሌላ ባልዲ በ5 ሊትር ይበጥብጡ። ከዚያ የመዳቡን ውሃ እያማሰሉ በዝግታ ወደ ኖራው ይጨምሩ። ሁለቱን ሳያቀጥኑ መቀላቀል ድብልቁን እንደ እርጎ ያቋጥረዋል፤ የመርጫውንም አፍ ይደፍናል።

ከመርጨትዎ በፊት የጸዳ የብረት ሚስማር ለአንድ ደቂቃ ይንከሩበት። የመዳብ ቀለም ይዞ ከወጣ ኖራው አንሷል፤ ቅጠል ያቃጥላል፤ ትንሽ ኖራ ጨምረው ሚስማሩን እንደገና ይፈትኑ። በስስ ጨርቅ አጥልለው በዚያው ቀን ይጨርሱት፤ ያደረ ቦርዶ ቅጠል ላይ አይጣበቅም። ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። መዳብ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ትርፉን ወደ ቦይ ወይም ኩሬ አይድፉ።

በሰዓቱ ረጨሁ፤ ግን ምንም ለውጥ የለም። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ችግሩ አሸፋፈኑ ነው። የፓይን መርፌ ሰም የተቀባ ያህል ስለሚያንሸራትት ውሃው ተንከባልሎ ይወርዳል፤ ለርጭት የተዘጋጀ ማጣበቂያ ይጨምሩበት። ሁሉም መርፌ ረጥቦ ሊንጠባጠብ ሲል ያቁሙ። በጀርባ መርጫ ከሦስት አራት ሜትር በላይ ያለውን ቅጠል በደንብ ማግኘት ያስቸግራል፤ ታችኛውን አጥቦ ላይኛውን የተወ ርጭት ከላይ በሚወርደው ስፖር ይሸነፋል። ለረጅም ዛፍ የሞተር መርጫና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያ ካልተቻለ ገንዘቡን ለጽዳትና ለውሃ ማዋል ይሻላል።

ሌላው ምክንያት ርጭቱ ሳይደርቅ ዝናብ መምጣቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለውጡን ቶሎ መፈለግ ነው፤ የዶቲስትሮማ ምልክት ቅጠሉ ከተያዘ ከወራት በኋላ ስለሚወጣ ዘንድሮ የሚያዩት ቀለበት ከመርጨትዎ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል።

የታመመውን ቅርንጫፍ እንዴት ልቁረጥ?

በደረቅ ቀን። ይህ ብቻ ከተጠበቀ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል፤ እርጥብ ዛፍ ላይ የሚሠራ መጋዝና እጅ ስፖሩን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ያዞራሉ። ከደረቀው ክፍል አልፈው ጤነኛው እንጨት ውስጥ፣ ቅርንጫፍ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይቁረጡ። ግንድ ላይ ከሆነ ቅርንጫፉ ሥር ያበጠውን አንገት አይንኩ፤ ጉንድሽም አያስቀሩ። ቁስሉን በቀለም መለሰን አያስፈልግም። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲያልፉ መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃም ይሆናል፤ ብረት ስለሚያዝግ ሲጨርሱ በውሃ አጥበው ዘይት ይቀቡት።

መሬት የሚነካውን ታችኛ ቅርንጫፍ ማንሳት አየር ያስገባል፤ ቅጠሉም ቶሎ ይደርቃል። ሆኖም በአንድ ጊዜ ከለመለመው ቅጠል ከሩብ በላይ አይውሰዱ። ዲፕሎዲያ ያለበትን ዛፍ ቀንበጡ በሚያድግበት ሰሞን ፈጽሞ አይግረዙ፤ አዲሱ ቁስል መግቢያ ይሆናል።

የረገፈውን ቅጠልና ፍሬ ለጉዝጓዝ ብጠቀምበትስ?

ከታመመ ዛፍ የወደቀውን ያውም በዚያው ዛፍ ሥር አይጠቀሙ። ሎፎደርሚየም ስፖሩን የሚያመርተው በወደቀው መርፌ ላይ ነው፤ ዲፕሎዲያ በወደቀው ፍሬ ላይ ይከርማል። አዲሱ እምቡጥ ከማበጡ በፊት ጠርገው ያርቁት ወይም ይቅበሩት። ለዲፕሎዲያ ግን መጥረግ ብቻውን አያድንም፤ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ፍሬ ከመሬቱ ይበልጣልና።

ውሃና ማዳበሪያ ቢጨመርለት አይበረታም?

ውሃ አዎ፣ ማዳበሪያ ግን በጥንቃቄ። በደረቅ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ አፈሩ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እስኪርስ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው ከቅርንጫፎቹ ጥላ ዳርቻ ጭምር ያጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን አይደርስም። የሣር ማጠጫው እየዞረ ታችኛውን ቅርንጫፍ የሚመታ ከሆነ አቅጣጫውን ያዙሩ፤ ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ለፈንገሱ ዝናብ እያዘነቡለት ነው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አፈሩን ያረጥባል፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ዲፕሎዲያን ያባብሳል። አፈር ተመርምሮ ጉድለት ካልታየ አይጨምሩ፤ ለሣሩ የሚበተነው ዩሪያም ዛፉ ሥር እንደሚደርስ አይርሱ።

ግንዱ ሙጫ ያለቅሳል፤ ቅርንጫፉም አብጧል። ይህም ፈንገስ ነው?

ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፍ ወይም ግንድ ላይ ሰርጎድ ያለ ቁስል ኖሮት ሙጫው በብዛት የሚወርድ ከሆነና ከታች ያለው እንጨት በሙጫ ርሶ ከተገኘ ፉዛሪየም የሚያመጣው የሙጫ ቁስል ይጠረጠራል። መድኃኒት የለውም፤ የተያዘው ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው እንጨትም ከቦታው አይወጣም። ሙጫው ውስጥ ቀዳዳና የእንጨት ብናኝ ካለ ግን ነፍሳት ናቸው።

ቅርንጫፍ ላይ ክብ እብጠት ኖሮ በየዓመቱ ብርቱካናማ ዱቄት ከወጣበት ዝገት ነው። አንዳንዱ የዝገት ዓይነት በቀጥታ ከፓይን ወደ ፓይን ይተላለፋል፤ አብዛኛው ግን ሌላ ተክል ላይ ሳያልፍ አይመለስም። አምስት መርፌ ባላቸው ፓይኖች ላይ የሚወጣው የፊኛ ዝገት መሸጋገሪያው ራይቤስ የተባለው ቁጥቋጦ ነው። ቁስሉ ገና ቅርንጫፍ ላይ እያለ፣ ከግንዱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ ቅርንጫፉን ቆርጦ ዛፉን ማዳን ይቻላል። ግንዱን ዙሪያውን ከያዘው ከዚያ በላይ ያለው ይሞታል።

ከግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል። ልንቀለውና ልተወው?

እንጉዳዩን መንቀል ፍሬ መልቀም ነው፤ ፈንገሱ ሥር ውስጥ ነው። ከግንዱ ሥር ያለውን የሞተ ቅርፊት በቢላ ገልጠው ይመልከቱ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነጭ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ስስ ሽፋንና ጥቁር የጫማ ክር የመሰለ ነገር ካለ አርሚላሪያ ነው። የሚያስፈራው ዛፉ ለምልሞ እያለ ሥሩ መበስበሱ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ከሥሩ ቤት፣ መኪና ማቆሚያ ወይም መንገድ ካለ ሳይውል ሳያድር በባለሙያ ያስመርምሩት።

ውሃ በሚተኛበት ቦታ ዛፉ ቀስ እያለ ሲገረጣ ደግሞ ፋይቶፍቶራ ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ይመስላል እንጂ ከእውነተኛ ፈንገስ ወገን ስላልሆነ ብዙው ፀረ-ፈንገስ አይነካውም፤ መፍትሔው ውሃውን ማፍሰስ ነው።

በአንድ ወር ውስጥ ዛፉ በሙሉ ቡናማ ሆነ። አሁን ብረጭ ይድናል?

አይድንም፤ ምናልባትም ፈንገስ አይደለም። የቅጠል ፈንገስ ዓመታት ይፈጃል። ከላይ እስከ ታች በሳምንታት የደረቀ ፓይን የፓይን ትል ወይም ቅርፊት ሰርሳሪ ጢንዚዛ ነው የሚጠረጠርበት። የፓይን ትል በዓይን የማይታይ ክር መሳይ ትል ሲሆን ከዛፍ ዛፍ በጢንዚዛ ይጓዛል፤ ስለዚህ ዛፉ ፈጥኖ ተቆርጦ እንጨቱ ይቃጠላል ወይም በማሽን ይፈጫል። «ለማገዶ ይሁነኝ» ብሎ መከመር ጢንዚዛውን ለጎረቤት ዛፍ ማሳደግ ነው።

የሞተውን ቆርጬ በቦታው ሌላ ፓይን ብተክልስ?

በምን እንደሞተ ይወሰናል። በቅጠል በሽታ ከሆነ ይቻላል፤ ያው ዝርያ ግን አይሁን። አርሚላሪያ ወይም ሄቴሮባሲዲዮን የተባለው የሥር አበስባሽ ከነበረ ፈንገሱ በጉቶውና በሥሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚኖር እዚያው ቦታ ፓይን አይትከሉ። ጉቶውን ከነዋና ሥሩ ያውጡ፤ ለቦታውም ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ይፈልጉ፤ አርሚላሪያ ቅጠለ ሰፊውንም ስለሚይዝ የሚቋቋም ዝርያ መሆኑን ያጣሩ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሄቴሮባሲዲዮን የሚገባው ትኩስ ጉቶ ላይ በሚያርፍ ስፖር ነው፤ ከጉቶው በሚነካኩ ሥሮች አድርጎ ወደ ጤነኛው ጎረቤት ይሻገራል። ስለዚህ በሽታው ባለበት አካባቢ ከጤነኛ ፓይኖች መካከል አንዱን ሲቆርጡ ለዚሁ የተዘጋጀ የቦሬት መድኃኒት በዚያው ቀን ጉቶው ላይ ያድርጉ። አዲስ ሲተክሉ ደግሞ ችግኙን ሳይሆን የአዋቂውን ዛፍ ስፋት አስበው ያራርቁ፤ ቅርንጫፎቻቸው ከተነካኩ ከዝናብ በኋላ በመሃላቸው ያለው ቅጠል ሳይደርቅ ያድራል።